20 ሜጋ መስመር ላይ 18 ጊጋ ቪዲዮ ለመጫን ለምን ከ2 ሰዓት በላይ ፈጀ?

የሐዋሳ ኤዲተር፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጽ ስቱዲዮ ውስጥ ኤዲተር ነኝ። ቪዲዮ በፍላሽ ማስረከብ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የሙሽራዋ እህት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ የሙሽራው አጎት ዱባይ ናቸው፣ ሁሉም "ሊንኩን ላኪልን" ነው የሚለው። ስለዚህ ፋይል ኢንተርኔት ላይ መጫን የሥራችን ግማሽ ሆኗል።

መስመራችን 20 ሜጋ ፋይበር ነው። ለመጫንም ለማውረድም 20 እንደሆነ ውሉ ላይ አለ። ትናንት የጫንኩት ፋይል ዊንዶውስ ላይ 18 ጊጋባይት ይላል። የስቱዲዮው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ 18,000 ለ20 ሲካፈል 900 ሰከንድ፣ ማለትም 15 ደቂቃ። የፈጀው ግን 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.2 እና 2.3 መካከል ይዋልላል፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም።

አለቃዬ "ከከፈልነው ከዘጠኝ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጡን" ብሎ ተቆጥቷል። ወይ አቤቱታ ሊያስገባ ነው፣ ወይ መስመሩን ወደ 40 ሊያሳድገው። ከዚያ በፊት ነገሩን አጣርቼ ልነግረው እፈልጋለሁ። ስፒድ ቴስት ስሠራ ደግሞ 19 ያሳየኛል። እሱ ጭራሽ ግራ አጋባን። ችግሩ ከመስመሩ ነው ወይስ ከሒሳቡ?

ቢኒ ኔት፦

እህት፣ ለ8 አካፍዪው። 20 ለ8፣ 2.5። አለቀ። መስመራችሁ ጤነኛ ነው።

የሐዋሳ ኤዲተር፦

አመሰግናለሁ ቢኒ። ግን 2.5 ስክሪኑ ላይ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። በ2.5 ከሄድን 18,000 ለ2.5 ሲካፈል 7,200 ሰከንድ፣ ልክ 2 ሰዓት ነው። የቀረችው ሩብ ሰዓት የት ገባች? አለቃዬ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሷን ነው።

ትራንስሚሽን፦

እህቴ፣ ሩብ ሰዓቷን መፈለግሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት የቴሌኮም ትራንስሚሽን (የማስተላለፊያ መስመሮች) ላይ ነው። ደንበኛና ቴክኒሻን ሲጨቃጨቁ ብዙ አይቻለሁ። ደንበኛው "2.2 ነው የማገኘው" ብሎ ስክሪኑን ያሳያል። ቴክኒሻኑም "19 ነው የሚወጣው" ብሎ የራሱን ያሳያል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያሳዩትም አንድ መስመር ነው። ሰው በዚህ ምክንያት ሲኮራረፍ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ አንቺ ወረቀት ያዢ፣ እኔ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

የመጀመሪያውን ቢኒ ነግሮሻል፣ ልክ ነው። መስመር የሚለካው በቢት ነው። ፋይል የሚለካው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ውላችሁ ላይ ያለው 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፣ ስክሪንሽ የሚያሳየው ግን ሜጋባይት በሰከንድ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቢት በትንሿ ቢ፣ ባይት በትልቋ ቢ ይጻፋል። ውል ስታነቡ እቺን ፊደል አጥብቃችሁ እዩ። የ15 ደቂቃውን ግምት ወደ 2 ሰዓት ያደረሰው ይሄ ነው።

ሩብ ሰዓቷ ግን ሁለት ቦታ ነው የተከፈለችው።

ግማሿ ያለችው ዊንዶውስ ፋይል በሚቆጥርበት መንገድ ውስጥ ነው። ቴሌኮም ላይ ኪሎ ሁልጊዜ 1000 ነው፣ ሜጋ አንድ ሚሊዮን ነው፣ ጊጋ አንድ ቢሊዮን ነው። ዊንዶውስ ግን ፋይል ሲለካ በ1000 ፈንታ በ1024 እያካፈለ ይሄድና ውጤቱን ያው "ጊጋባይት" ይለዋል። 1024 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1,073,741,824 ነው። ስለዚህ የአንቺ 18 ጊጋ በእውነተኛው ቁጥር 19.33 ቢሊዮን ባይት ገደማ ነው። ማመን ካቃተሽ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ፕሮፐርቲስ ክፈቺ። መጠኑ አጠገብ በቅንፍ ውስጥ ሙሉው የባይት ቁጥር ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ሒሳብ ስትሠሪ ሁልጊዜ ከዚያ ቁጥር ተነሺ፣ ከጊጋው አትነሺ። ማክ ከ2009 ወዲህ በ1000 ነው የሚቆጥረው። ይህንኑ ፋይል ማክ ላይ ብታዪው 19.33 ጊጋባይት ይልሻል። ፋይሉ አላደገም፣ አቆጣጠሩ ነው የተለየው። ይህን ውዥንብር ለማጥራት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 ለ1024ቱ አቆጣጠር ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት የሚሉ ስሞች አውጥቶለት ነበር። ሊኑክስ ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ይጠቀሙባቸዋል። ዊንዶውስ ግን በድሮው ቀጥሏል።

ሌላዋ ግማሽ ያለችው መስመሩ ላይ ነው። ዕቃ በካርጎ ስትልኪ ካርቶኑም አብሮ ይመዘናል፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ፋይልሽ እንዳለ በአንድ ጊዜ አይሄድም፣ ተቆራርጦ በፓኬት ነው የሚሄደው። ተራ ኢተርኔት (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው የገመድ ኔትወርክ) ላይ አንዱ ፓኬት 1500 ባይት ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 20 ባይት የአይፒ አድራሻና መረጃ ነው፣ ሌላ 20 ባይት የቲሲፒ፣ ማለትም ፓኬቶቹ መድረሳቸውን የሚከታተለው ሥርዓት ነው። ለቪዲዮሽ የሚተርፈው 1460 ነው። ከፓኬቱ ውጪ ደግሞ ኢተርኔት ራሱ 38 ባይት ይጨምራል፦ 14 ለአድራሻ፣ 4 ለስህተት መፈተሻ፣ 8 ለመንደርደሪያ፣ 12 ደግሞ በሁለት ፓኬቶች መካከል ለሚተወው ክፍተት። ስለዚህ መስመሩ 1538 ባይት በሚያስኬድበት ጊዜ የአንቺ ቪዲዮ የሚሄደው 1460 ብቻ ነው። ወደ 94.9 በመቶ ይሆናል። ይህ በፋይበሩም በአቅራቢውም ጥፋት አይደለም። ኔትወርክ የሚሠራው እንዲህ ነው።

አሁን አንድ ላይ እናድርገው። 19.33 ቢሊዮን ባይት በ8 ሲባዛ 154.6 ቢሊዮን ቢት። ለ20 ሚሊዮን ሲካፈል 7,731 ሰከንድ፣ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገደማ። ይህን ለ0.949 ስታካፍዪው 8,146 ሰከንድ፣ 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ። ሩብ ሰዓቷ ተገኘች።

የስክሪንሽም ቁጥር ከዚሁ ይወጣል። 20 ሜጋቢት በ0.949 ሲባዛ 18.98 ነው። ስፒድ ቴስቱ 19 ያለሽ ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም እሱ የሚቆጥረው በሜጋቢት ነው። 18.98 ለ8 ስታካፍዪው 2.37 ሜጋባይት ነው። ዊንዶውስ በራሱ አቆጣጠር ሲጽፈው 2.26 ይሆናል። በ2.2 እና በ2.3 መካከል ያልሽው እሱ ነው።

እንግዲህ ለአለቃሽ ንገሪው። የከፈለበትን እያገኘ ነው፣ አቤቱታ የሚያስገባበት ምክንያት የለውም።

የድሮ ሞደም፦

ትራንስሚሽን ጥሩ አድርጎ አስረድቷል፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወረቀትና ካልኩሌተር ለሌለው ሰው ለ10 አካፍሉ እላለሁ። 20 ሜጋ ከሆነ በሰከንድ 2 ሜጋባይት ብላችሁ ያዙ። 100 ሜጋ ከሆነ 10። በትንሹ ያሳንሰዋል እንጂ አያሳፍርም፣ ለደንበኛ ቀጠሮ ስትሰጡ ደግሞ ማሳነሱ ይሻላል።

እኛ በሞደም ዘመን ለ10 የምናካፍለው በግምት አልነበረም። በሲሪያል ገመድ ላይ አንድ ፊደል ሲላክ ከፊቱ አንድ መነሻ ቢት፣ ከኋላው አንድ ማቆሚያ ቢት ይቀጠልበታል። 8 ሲደመር 2፣ 10። 9600 ቢት በሰከንድ ማለት በሰከንድ 960 ፊደል ማለት ነበር፣ ልክ እሱ ነው። ያኔ ባውድና ቢት በሰከንድም ሲምታቱ ይኖሩ ነበር። 2400 የሚባለው ሞደም በስልክ መስመሩ ላይ የሚለዋወጠው በሰከንድ 600 ምልክት ብቻ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ምልክት 4 ቢት ይሸከማል። ባውዱ 600 ነው፣ ፍጥነቱ 2400 ቢት በሰከንድ ነው። አሁንም ሴንሰርና ማይክሮ ኮንትሮለር የምትነካኩ ልጆች ይህን አትርሱ።

አራተኛ ዓመት፦

ጋሼ ትራንስሚሽን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቴሌኮም ላይ ኪሎ ሁልጊዜ 1000 ነው ብለዋል። ታዲያ ኢ1 የሚባለው የስልክ ማስተላለፊያ መስመር ለምን 2.048 ሜጋቢት ሆነ? 2048 እኮ የ1024 እጥፍ ነው። ክፍል ውስጥ ግማሾቻችን "እዚህ ጋ ኪሎ 1024 ነው" ብለን ነው የያዝነው።

ትራንስሚሽን፦

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ ተባረክ። ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችም እንዲሁ ሲሉ ሰምቻለሁ። ቁጥሩ ይመሳሰላል እንጂ 1024 እዚያ ውስጥ የለም። ከሥሩ ጀምረህ ብትሠራው በደንብ ይታይሃል።

የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ነው የሚያዘው። ጣሪያውን 4000 አድርገው ያዙና፣ በእጥፉ በሰከንድ 8000 ጊዜ ናሙና ይወሰዳል። እያንዳንዱ ናሙና 8 ቢት ነው። 8000 በ8፣ 64,000 ቢት በሰከንድ። አንድ የስልክ ጥሪ ይህ ነው፣ 64 ኪሎቢት የምንለው 64 ሺህ ነው። ኢ1 ደግሞ እንዲህ ያሉ 32 ክፍሎችን በአንድ መስመር ላይ በየተራ ያስኬዳል። 32 በ64,000፣ 2,048,000። ከእነዚህ 30ው ድምፅ ይሸከማሉ። ዜሮኛው ክፍል ፍሬሙ የት እንደሚጀምር ያመለክታል፣ 16ኛው ለሲግናሊንግ (ጥሪ ለማስጀመርና ለመዝጋት) ነው። በእያንዳንዱ 125 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ 256 ቢት ያልፋል፣ እሱ አንድ ፍሬም ነው።

ማረጋገጫ ከፈለግክ የአሜሪካኑን ቲ1 እይ። እሱ 24 ክፍል ነው ያለው፣ በየፍሬሙ አንድ ተጨማሪ ቢት አለው። 24 በ8፣ ሲደመር 1፣ 193 ቢት። በ8000 ስታባዛው 1,544,000። እዚህ ውስጥ 1024 ፈልገህ አታገኝም። አቆጣጠሩ አንድ ነው፣ የኢ1 ቁጥር ለ2048 የተስማማው 32 እና 64 ሁለቱም 2 በራሱ እየተባዛ የሚወጡ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው።

ወደ ላይ ስትወጣም መሠረቱ ያው 8000 ነው። ብዙ ኢ1 በአንድ ላይ የሚሸከመው ኤስቲኤም 1 የሚባለው መስመር ባለ 9 ረድፍና ባለ 270 ዓምድ ፍሬም ነው፣ 2430 ባይት። በ8፣ ከዚያ በ8000 አባዛው፣ 155,520,000 ቢት በሰከንድ ይመጣል። ኤስቲኤም 4 ልክ አራት እጥፉ ነው፣ 622.08 ሜጋቢት። ኤስቲኤም 64 ደግሞ 9,953.28 ሜጋቢት ነው፣ በአፍ "10 ጊጋ" የሚባለው።

አሁን ፈተና ላይ የሚያስቸግረውን ልንገርህ። "በአንድ ኤስቲኤም 1 ውስጥ ስንት ኢ1 ይገባል?" ሲሉህ 155.52 ለ2.048 አታካፍል። 75 ምናምን ይወጣልሃል፣ መልሱ ግን 63 ነው። 63 ኢ1 የሚይዘው 129.024 ሜጋቢት ነው፣ የቀረው ለመቆጣጠሪያና ለማስተካከያ ባይቶች የተያዘ ነው። ከአንድ መለኪያ ወደ ሌላ መቀየር አንድ ነገር ነው፣ ምን ያህል ይገባል የሚለው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ የፍሬሙን አሠራር ማወቅ አለብህ። ይህን የሚያስተምር ሰው እንዲበዛ በጣም እመኛለሁ፣ ምክንያቱም ተመራቂ ልጆች ሥራ ሲገቡ አቅም የሚያሰሉት በማካፈል ብቻ ነው፣ ከዚያ ሊንኩ ይሞላባቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የዓለም አቀፉን የቴሌኮም ሕብረት ሰነዶች ስታነብ ባይት በሚለው ፈንታ ኦክቴት ሲሉ ታገኛለህ። አትደናገጥ፣ 8 ቢት ማለት ነው። ባይት የሚለውን ስም በ1956 ያወጣው የአይቢኤም ሰው ቨርነር ቡኽሆልዝ ነው። ያኔ ባይት የግድ 8 ቢት አልነበረም፣ ለዚህ ነው የቴሌኮም ሰዎች የማያሻማውን ስም የመረጡት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ወገኖች። ፋይሉ የሚደርሰው እኛ ሰፈር ስለሆነ ልግባበት። እዚህ የእኔ መስመር ለማውረድ 300 ሜጋቢት ነው። የኤዲተሯን 154.6 ቢሊዮን ቢት ከነካርቶኑ በዚያ ብናወርደው ከ9 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ስለዚህ ዘመድ "እኔ ጋ በደቂቃ ወረደ፣ እናንተ ምን ስትሠሩ ነው ማታ ሙሉ?" ቢላችሁ አይክፋችሁ። እሱ የሚያወርደው ከሰርቨሩ ነው፣ ሐዋሳ ያለውን መስመር አያየውም።

እህቴ ኤዲተር፣ አንድ ምልክት ያዢ። አንዳንድ ቀን ስክሪንሽ ላይ 2.26 ሳይሆን በሰከንድ 256 ኪሎባይት ላይ ችክ ብሎ ከቆመ፣ መስመሩን ከመጠርጠርሽ በፊት የምትጭኚበትን ፕሮግራም ተጠራጠሪ። ቲሲፒ የላከውን ነገር "ደረሰኝ" የሚል መልስ ሳይመጣለት ያለ ገደብ አይልክም። በድሮው አሠራር በአንድ ጊዜ መልስ ሳይጠብቅ የሚልከው ቢበዛ 65,535 ባይት ነበር። መልእክት ወደ አሜሪካ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ሩብ ሰከንድ ከፈጀ፣ በሰከንድ አራት ዙር ብቻ ነው ያለሽ። 65,535 በ4፣ 262,140 ባይት በሰከንድ። በቢት 2.1 ሜጋ ገደማ ነው። መስመሩን 20 ብታደርጊው፣ 40 ብታደርጊው፣ 1000 ብታደርጊው ከዚያ አያልፍም። መስመርሽን ለመሙላት 20 ሚሊዮን ቢት በሩብ ሰከንድ፣ 5 ሚሊዮን ቢት፣ ማለትም 625,000 ባይት መልስ ሳይጠበቅ መንገድ ላይ መኖር አለበት። ገደቡን የሚያሰፋው ማሻሻያ ከ1992 ጀምሮ አለ፣ አሁን ያሉ ሲስተሞች ሁሉ ይጠቀሙበታል። የቆዩ የፋይል መላኪያ ፕሮግራሞች ግን ራሳቸው ገድበውት ይገኛሉ። 2.26 እያገኘሽ ከሆነ አንቺ ጋ ይህ ችግር የለም።

የሐዋሳ ኤዲተር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፕሮፐርቲስ ከፍቼ ቁጥሩን ለአለቃዬ አሳየሁት፣ ጋሼ የጻፉትን ሒሳብ አብረን ሠራነው፣ አቤቱታው ቀርቷል። አሁን የቀረን የ40 ሜጋው ጉዳይ ነው። የሠርግ ወቅት ሲመጣ በሳምንት አራት ሥራ ይደርሰናል፣ እያንዳንዱ 18 ጊጋ አካባቢ ነው። ቀን ላይ ስጭን የቢሮው ሰው ሁሉ "ኢንተርኔት ሞተ" ይለኛል። ይግዛ ወይስ ይቅር?

ትራንስሚሽን፦

እንኳን ተግባባችሁ። እንግዲህ ሒሳቡን አሁን ራስሽ ትችዪዋለሽ፣ እኔ ግን አብሬሽ ልሥራው።

ማታ ከ2 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት 10 ሰዓት ነው፣ 36,000 ሰከንድ። በ18.98 ሜጋቢት አባዢው፣ ለ8 አካፍዪው። 85 ቢሊዮን ባይት ይወጣል። በዊንዶውስ አቆጣጠር 79 ጊጋ ገደማ ነው። አራቱ ሥራ 72 ጊጋ ነው። የሳምንቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ሌሊት ትጭኚዋለሽ፣ ያውም ተርፎሽ። ሁለት ሌሊት ከከፈልሽው መብራት ቢሄድ እንኳ አትጨነቂም። የምትጭኚበት ፕሮግራም ከተቋረጠበት የሚቀጥል መሆኑን ግን አረጋግጪ።

ደንበኛ ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ ግን 40ው ያግዛል፣ 2 ሰዓት ከ16 የነበረው 1 ሰዓት ከ8 ይሆናል። ለዚያ ብቻ መክፈል ይዋጣል ወይ የሚለውን አለቃሽ ይወስን። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሌሊቱን እሞክራለሁ። ቀን ላይ መጫን ግድ ሲሆን ፕሮግራሙን ገድቢው። ብዙዎቹ ገደቡን የሚጠይቁት በኪሎባይት ወይም በሜጋባይት ስለሆነ 12 ሜጋቢት ለቪዲዮው ልትሰጪ ብትፈልጊ 12 ብለሽ እንዳትጽፊ፣ 1.5 ሜጋባይት ነው የምትጽፊው። የቀረው 8 ሜጋቢት ለቢሮው ሰው ይበቃል።

ምናልባት 40ውን ከገዛችሁ ደግሞ ውሉ ላይ የመጫኛው ፍጥነት ለብቻው፣ በሜጋቢት በሰከንድ ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቂ። ለማውረድ 40፣ ለመጫን 10 የሆነ ፓኬጅ ከወሰዳችሁ ያንቺ ቪዲዮ በዚያ 4 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል።

የሐዋሳ ኤዲተር፦

ገባኝ ጋሼ። ዛሬ ማታ ሁለቱን አሰልፌ እሄዳለሁ።